የባሕር ዕጣ

ዕጣው የደረሰው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ኤልዳና መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ስልኩን ለልጇ ለሔራን አቀበለቻት።

«ለአባዬ ማን ይንገረው?» አለች ሔራን።

አባቷ ያፌት ከዚህ ቤት ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። በመዝገብ ግን አሁንም እዚሁ ይኖራል።

ባሕሩ ሰሜናዊውን ኮረብታ ሰብሮ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር የገባው ሔራን ሳትወለድ ነው። የጨው ሜዳው በአንድ ክረምት ከውኃ በታች ሆነ፤ እሳተ ገሞራው የባሕር ዳር ተራራ ሆነ፤ አገሪቱም ሳትጠይቅ ዳርቻ አገኘች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው በየመኪናው እየዘፈነ ወረደ። ሙቀቱ ብዙዎቹን አልመለሳቸውም። ከዚያ ወዲህ የሚወረደው በሚያቀዘቅዙ ተሽከርካሪዎች፣ በብርዱ ወራት ብቻ ነው። ተሽከርካሪዎቹ ጥቂት፣ ሰዉ ብዙ ስለሆነ ባሕሩም እንደ ቤት በዕጣ ሆነ።

የሚመዘገበው ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው። በምዝገባው ቀን የነበሩት ሁሉ አብረው መውረድ አለባቸው። የሞተ ይቀነሳል። የተፋታ ዕጣውን ያፈርሳል። አዲስ ሰው አይጨመርም፤ ይጨመር ቢባል መላው አገር የአክስቱን ልጅ ባስገባ ነበር።

በዚህ ምክንያት በየሰፈሩ ሳይፋቱ የተለያዩ ሰዎች አሉ። ገበያ ላይ አንዷ ሌላዋን «ባልሽ ደኅና ነው?» ስትላት «የቱ? የዕጣው?» የሚል መልስ ይሰማል። አሁን አሁን ማንም አይስቅበትም።

ያፌትና ኤልዳና እንዲህ ናቸው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ይደዋወላሉ። አንዱ «እንጨርሰው ይሆን?» ይላል፤ ሌላው «ዘንድሮ ቢደርሰንስ?» ይላል። ዕጣውን በገዛ እጁ የሚያፈርስ ሰው ደግሞ አልተፈጠረም። በዚህ መሃል ያፌት ማሕሌት ከምትባል ሴት ጋር ቤት መሠረተ፤ ሴት ልጅም ወለደ። ልጅቷ አሁን ሦስት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ዕጣ በሚጠብቅ መዝገብ ላይ ሰው ስለማይጨመር በመንግሥት ዓይን አባት የላትም። ሔራን አይታት አታውቅም። ቤት ውስጥ ስሟ አይጠራም፤ ግድ ሲሆን «ያቺ» ትባላለች።

ያቺን ጨምሮ ስለ ሁሉም ነገር ሐሳቧን የምትሰጠው የያፌት እናት ናት። ወይዘሮ ቤተልሔም ትባላለች፤ እማማ ቤቲ ይሏታል። ልጇ ሲወጣ እሷ አልወጣችም። «እሱ ይሂድ፤ እኔ ከምራቴ ጋር አልተጣላሁም» ብላ ሶፋው ላይ ቀረች። ጉልበቷ ያማታል። የባሕር ውኃ ለጉልበት መድኃኒት ነው ብላ ታምናለች፤ ለዓመታት ዶክተሯን ስትከራከርበት ኖራለች።

ያፌት አንድ ሻንጣ ይዞ የመጣው ከጉዞው ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ባልና ሚስት ለመምሰል ልምምድ አስፈልጓቸዋል። ስኳር ስንት እንደምትጨምር፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ ስትቆጣ ዝም እንደምትል ወይም እንደምትናገር ኤልዳና ነገረችው።

«ስትቆጪስ ትናገሪ ነበር» አለ ያፌት።

«ያኔ የሚሰማኝ ያለ ይመስለኝ ነበር።»

ተሽከርካሪዋ ከደሴ የወሰደቻቸው ማለዳ ነው። መኝታ፣ ወንበርና ማዕድ ያላት ተንቀሳቃሽ ክፍል ናት፤ ሾፌር የላትም። በይፋ የምትጠራበት ቁጥር አላት። ሰው ግን ሞግዚት ይላታል፤ ምክንያቱም ትሰማለች። ቤተሰብ ያልሆኑ ሰዎች በቤተሰብ ስም ወርደው ስለነበር የምትሰማው ይህንኑ ለማጣራት ነው። ቤተሰብ አይደሉም ካለች ከመንገድ ትመልሳቸዋለች።

የመጀመሪያው ቀን ኮምቦልቻን፣ ሚሌን፣ ሰመራን በመስኮት ሲያዩ አለፈ። ከሰመራ ወዲያ መሬቱ ጠቆረ። ምሽት ላይ እራት ሲሸት የሞግዚት ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«ዛሬ ማን ማንን አመሰገነ?»

መልስ እስኪሰጥ የምግቡ መሳቢያ አይከፈትም።

«እኔ ኤልዳናን አመሰግናለሁ» አለ ያፌት። «ስለ... ትራሱ።»

«የቱ ትራስ?» አለች ኤልዳና።

«ወዲያ!» አለች እማማ ቤቲ። «ሲመሰገኑ አሜን ነው እንጂ የቱ ትራስ ይባላል? ረኃብ ሊገድለኝ ነው እኮ!»

ሔራን ሳቋ አመለጣት፤ ኤልዳናም ተከተለቻት።

«ሳቅ ተመዝግቧል» አለ ድምፁ። መሳቢያው ተከፈተ።

ለባልና ሚስት የተመደበው አልጋ ጠባብ ነው። ሔራን ሊነጋ ሲል ስትነሣ አባቷ በጀርባው ተኝቶ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ አየችው። ምንም ነገር ላለመንካት የሚጠነቀቅ ሰው ይመስል ነበር። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነቅታለች።

እሳተ ገሞራው ጋ የደረሱት በዚያው ማለዳ ጎሕ ሲቀድ ነው። ሞግዚት በሩን ከፍታ ለአጭር ጊዜ እንዲራመዱ ፈቀደች። በስስ ቱቦዎች ቀዝቃዛ ውኃ የሚዞርባቸው፣ ማጣሪያ ያለው ኮፍያ የተገጠመላቸው ካፖርቶች ለበሱ። እማማ ቤቲ «እኔ በመስኮት ይበቃኛል፤ ሲኦልን ከቅርብ ለማየት አልቸኩልም» ብላ ቀረች።

ቀልጦ የረጋው ድንጋይ አንዳንድ ቦታ እንደ ተጠቀለለ ገመድ፣ አንዳንድ ቦታ በእጅ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ነው። ሲረግጡት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የድኝ ሽታ ከኮፍያው ማጣሪያ አልፎ ይገባል። ከአፋፉ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ እሳቱ ጥቁር ቆዳ ነበረው፤ ቆዳው በቀይ መስመር ይቀደድና ተመልሶ ይገጥማል። ሔራን ጩኸት ጠብቃ ነበር። የሰማችው ግን ድስት ውስጥ ገንፎ ሲንተከተክ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው።

ያፌት ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያውም እንደ ሞግዚት ይስማ አይስማ የሚያውቅ የለም። ኤልዳና አየችውና የሷንም አወለቀች፤ ሔራንም ተከተለች። ሙቀቱ ፊታቸውን መታው።

«በሩ ላይ ጥያቄ አለ» አለ ያፌት። «ወደ ባሕሩ ከመውረዳችን በፊት። ‹ቤተሰቡ ሙሉ ነው?› ይላል። የምመልሰው እኔ ነኝ።»

«ሙሉ ነው በላ» አለች ሔራን።

«ሙሉ ነው ካልኩ መዝገቡ ይታሸጋል። ከዚያ ቀን በፊት የተወለደ ሰው ከዚያ በኋላ በስሜ አይጻፍም።»

ኤልዳና ወደ እሱ ዞረች። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ዕጣው የደረሰ ቀን።»

«ማሕሌትስ ታውቃለች?»

ያፌት ወደ እሳቱ አየ። «በኋላ ይስተካከላል። ሰው አለኝ።»

«ሰው አለህ» አለች ኤልዳና። «መቼም ሰው ጠፍቶብህ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ይቺን ልጅ ባሕር አሳይሻለሁ ያልኳት በእንጭጯ ነው። እማዬ ደግሞ ሌላ ዕጣ የምትጠብቅበት ዕድሜ ላይ አይደለችም። አንድ በር ነው የቀረን።»

ሔራን ከልጅነቷ ጀምሮ ባሕሩ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ምን እንደምታይ ወስና ነበር፤ ሩቁን መስመር ሳይሆን ውኃው መሬቱን የሚነካበትን ጠርዝ። በሌላ በኩል ያለችው አይታት የማታውቃት ልጅ ናት። ሁለቱን እየመዘነች እንደሆነ ታወቃት፤ ባሕሩ ከበደ። ኮፍያዋን መልሳ አጠለቀች።

ከተራራው ወዲያ ሞግዚት በባሕሩ በኩል ያሉትን መስኮቶች አጠቆረች። ዳርቻው ከበሩ ለሚያልፉ ብቻ የሚታይ ነው። እማማ ቤቲ የጠቆረውን መስታወት በጣቷ ኳኳች። «አይ ንፉግነት!» አለች።

ከበሩ ትንሽ ወዲህ፣ በመጨረሻው አፋፍ ላይ፣ ተሽከርካሪዎች ሞተራቸው እስኪቀዘቅዝ የሚቆሙበት ቦታ አለ። እዚያ ስትቆም ሞግዚት ሁሉንም ነገር ትዘጋለች፤ ድምፅም ጆሮም አይኖራትም። ተሳፋሪው አጠገቡ ካለው ዳስ ይጠለላል። የዳሱ ባለቤት አሲያ የምትባል የአፋር ሴት ናት፤ ረጅም፣ ማስቲካ የምታኝክ፣ የወርቅ ጥርስ ያላት። በርሜሎቿ እርጥብ ጆንያ ለብሰዋል።

እማማ ቤቲ ገና ሳትቀመጥ «ውኃ ስጪኝ የኔ ልጅ» አለቻት።

«መጀመሪያ ዳጉ» አለች አሲያ። «ውኃ ከዚያ በኋላ። ተቀመጪ አንቺ።»

«አንቺ አለችኝ!» አለች እማማ ቤቲ ደስ ብሏት። «አንቱ ሲሉኝ ያረጀሁ ይመስለኛል።»

ሔራን ዳጉን ከትምህርት ቤት ታውቀዋለች። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ይነግራል፤ የሰማውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። እንግዳም እንደሚጠየቅ ግን አታውቅም ነበር።

«እኛ ምን ወሬ አለን ብለሽ ነው» አለ ያፌት።

«ወሬ አላልኩህም። ዳጉ ነው ያልኩህ። መንገዱ እንዴት ነው?»

ነገሯት። ሚሌ ላይ አዲስ ድልድይ እየተሠራ ነው። አፍዴራ ዳር ግመሎች አይተዋል፤ ወፍራም ናቸው። አሲያ እያንዳንዱን «እሺ» እያለች ተቀበለች። ዝናብ ጠየቀች፣ የበሽታ ወሬ ጠየቀች፣ ማን እንደ ሞተ ጠየቀች። ይህኛውን እማማ ቤቲ ወሰደችው፤ ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች ቀበረችላት።

«ማን ተወለደ?»

«ማንም» አለ ያፌት።

«በአንድ ከተማ ሙሉ?» አሲያ ሳቀች፤ የወርቅ ጥርሷ ታየ። «እንግዲያው የኔ ፍየል በለጠቻችሁ፤ ትናንት መንታ ወልዳለች።» ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ስማ ወንድሜ። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ውኃ ይሰጠዋል። ሁለተኛ ግን አይጠየቅም። እኔ የነገርከኝን ለሌላ ነው የማደርሰው። የሚሰሙኝ ሰዎች በሱ መንገድ ይሄዳሉ፣ በሱ ውኃ ይፈልጋሉ።»

ያፌት መሬት መሬት አየ። ከአፋፉ ማዶ፣ የማይታየው ባሕር እንደ ሩቅ ገበያ ይጮኻል። ሔራን እናቷ ስትተነፍስ ሰማች።

«ልጅ ተወልዳለች» አለች ኤልዳና። «ሴት። የሱ ናት፤ ከኔ አይደለችም። እኔና እሱ በመዝገብ ካልሆነ ባልና ሚስት አይደለንም። ልጅቷ ኖላዊት ትባላለች።»

ስሙ ቤተሰቡ መሃል ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። እማማ ቤቲ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ለራሷ ደገመችው።

አሲያ አልተደነቀችም። ወደ ያፌት ዞረች። «ትሄዳለች?»

«ትሮጣለች።»

«አፏን ፈታች?»

«ፈታች ብቻ? አትዘጋውም።»

«ምን ትፈራለች?»

«የቧንቧ ድምፅ። ውኃ ሲመጣ ቧንቧው ያጓራል፤ ያኔ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ከዚያ ወጥታ ቧንቧውን ትቆጣዋለች።» ድምፁ እየተከፈተ ሄደ። «ጣቷን አኩርፋ ‹ዋ!› ትለዋለች።»

«ጣት ደግሞ እንዴት ያኮርፋል?» አለች እማማ ቤቲ።

«እንዲህ» አለና ያፌት የሌባ ጣቱን አጉብጦ አሳያት። እናቱ ጣቱን ይዛ ቆየች።

«ማንን ትመስላለች?» አለች አሲያ።

ያፌት ቀና አለ። «እሷን» አለ፤ ወደ ሔራን እያየ።

«የላክሁት ሹራብ በቃት?» አለች ኤልዳና። ሔራን ወደ እናቷ ዞረች፤ ስለ ሹራቡ ይህን ጊዜ ነው የሰማችው። የሷ የሕፃንነት ሹራብ መሆን አለበት፤ ቢጫው።

«አጠራት» አለ ያፌት። «ግን አላወልቅም አለች።»

አሲያ «እሺ» አለች። ተነሥታ ለሁሉም ውኃ ቀዳች፤ ለያፌትም። ከዚያ የራሷን ዳጉ ነገረቻቸው፦ ሰሞኑን ውኃው ከፍ ብሏል፤ ከድንጋዩ ሥር አዲስ ፍል ውኃ ፈልቋል፤ ሁለት አሣ አጥማጆች ታመው ድነዋል። እግረ መንገዷንም የዳሱን ጀርባ በአገጯ አሳየች። «ባሕሩ በዚያ በኩል ይታያል። ድንጋዩን የሰነጠቅሁት እኔ አይደለሁም፤ ማን ይከሰኛል?»

ተጋፍተው አዩ። በሁለት ጥቁር ቋጥኞች መሃል ባሕሩ ጠባብ ቁራጭ ሆኖ ተሰንቅሯል። ቅርቡ ፍል ውኃው በገባበት በኩል ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ውኃውን በሚነካበት ቦታ ጨው ነጭ መስመር አስምሯል። ሔራን ያንን መስመር ብቻ አየች። ለዚህ የሚሆን ቃል ብትፈልግ አላገኘችም።

በዚህ መሃል አንድ ሰው ሦስት ግመል እየነዳ መጣ። ሁመድ ይባላል፤ ወደ አሣ አጥማጆቹ ውኃ ያወርዳል። ግመሎቹን አቆመ፤ ከአሲያ ፊት ቁጭ አለ። ከዚያ እሷ ትናገር ጀመር። በአፋርኛ ነው፤ ለረጅም ጊዜ፣ ሳትቸኩል። ሔራን ሚሌ የሚለውን ለየች፣ አፍዴራን ለየች፣ ደሴን ለየች። ቀጥሎ ከማታውቃቸው ቃላት መሃል «ኖላዊት» የሚለው ጥርት ብሎ ወጣ። ሁመድ ወደ ያፌት ዞሮ ሁለት ቃል ተናገረ።

«ትደግልህ ነው የሚልህ» አለች አሲያ።

«አሜን» አለ ያፌት። ሁመድ ግመሎቹን አስነሥቶ ከበሩ ጎን ባለችው ቀጭን መንገድ ቁልቁል ወረደ። አፋርን በሩ አይመለከተውም።

ሞግዚት ነቃች። «ሙቀት ተስተካክሏል። እባካችሁ ግቡ።»

ገቡ። በሩ በሁለት ቋጥኞች መሃል የተተከለ ግራጫ ብረት ነው። ተሽከርካሪዋ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«የቤተሰቡ ኃላፊ ይመልስ። ቤተሰቡ ሙሉ ነው?»

ያፌት ልጁን አያት። ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው እንደሚያይ ነው ያያት፤ ከዚህ በፊት እንዲህ አይቷት አያውቅም።

ሔራን መልሷ ያው ተራራው ላይ የከበደው ባሕር እንደሚሆን ጠብቃ ነበር። «አባዬ» አለች፤ «ሰውየው እኮ ታች ወርዶ ስሟን እየነገራቸው ነው።»

«በኔ ደግሞ እንዳታመካኝ» አለች እማማ ቤቲ ከኋላ። «ጉልበቴን ጨው በባልዲ በጥብጬ እዘፈዝፈዋለሁ። ያው ጨው ነው።»

ኤልዳና የተናገረችውን ተናግራለች።

«ቤተሰቡ ሙሉ ነው?» አለ ድምፁ፤ በፊት ባለው ልስላሴ።

«አይደለም» አለ ያፌት። «አንድ ይጎድላል።»

«የጎደለው ሰው ስም?»

«ኖላዊት ያፌት።»

ብረቱ አልተንቀሳቀሰም።

«ተመዝግቧል። ዕጣው ለተከታዩ ቤተሰብ ተላልፏል። ስለ ትክክለኛ መልስዎ እናመሰግናለን።»

ተሽከርካሪዋ ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። እማማ ቤቲ «ማመስገኑን ታውቂበታለሽ» አለቻት። ኤልዳና በረጅሙ ተነፈሰችና ወንበሯ ላይ ተዘረጋች፤ ጫማዋን አወለቀች።

«እንግዲህ ዕጣው ከሄደ ተፋታን ማለት ነው?» አለች።

«ይመስለኛል» አለ ያፌት።

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን።»

አልተሳሳቁም። ግን ያፌት ወደ ሌላኛው ወንበር አልሄደም፤ አጠገቧ እንደ ተቀመጠ ቀረ። እጁም ደረቱ ላይ አልነበረም።

ተሽከርካሪዋ ስትዞር የቋጥኞቹ ስንጥቅ ለአፍታ ከሔራን መስኮት ትይዩ መጣ። ሞግዚት ስትዘጋ የጠራው መስታወት ገና መልሶ አልጠቆረም። ታች፣ ነጩ መስመር ላይ፣ ሦስት ግመሎች ቆመዋል። ሁመድ ጋ ሁለት ሰዎች ከውኃው ወጥተው መጡ፤ ልብሳቸው ይንጠባጠባል። ሰላምታ ተለዋወጡ። ውኃ የጫኑትን ግመሎች ሳያራግፉ፣ በፀሐዩ መሃል፣ ሦስቱም ቁጭ አሉ።